ወንድ የማያልፍበት ጓሮ

ባለፈው ወር ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ስጓዝ አንዲት እናት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ታቅፈው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ገና በቅጡ ሳይቀመጡ ሽታው መኪናውን ሞላው። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ጆሮው ላይ የስልክ ገመድ የሰካ ጎረምሳ «ኧረ መስኮት ክፈቱልን! ምንድነው የሚሸተው?» ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ አንገታቸውን ብቻ አዞሩና «ያሳደገህ ነው የኔ ልጅ፤ ሰላም በለው እንጂ!» አሉት። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ያ ሽታ ለማያውቀው ሰው ኮምጣጣ ነው፤ እኔን ግን ጎትቶ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ አደረገኝ። መንገዱን ሙሉ የአያቴ ጓሮ ውስጥ ነበርኩ። ዱራሜ ደርሰን ረዳቱ «እህት፣ አትወርጂም እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ።

ጥያቄ የማበዛ ልጅ ነበርኩ። ክትባት ሊሰጠኝ የመጣውን የጤና ሠራተኛ «መርፌውን ራሱን አያመውም?» ብዬ ጠይቄው ነበር ይላሉ። እናቴ መምህርት ናት። በዚያ ዓመት ደረጃዋን ለማሻሻል ኮሌጅ ገባች፤ አባቴ ደግሞ ሹፌር ስለሆነ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። ስለዚህ እኔን ከነጥያቄዬ ለአባቴ እናት፣ ለአያቴ ለዳንሴ አስረከቡኝ። እናቴ ስትሰናበተን «እግዜር ይርዳዎት» ያለችው ለእኔ ሳይሆን ለአያቴ ነበር።

የአያቴ መንደር ሀዲያና ከምባታ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከቤቷ ደጃፍ በአንዱ በኩል የሚወጣው መንገድ ወደ ጃጁራ ገበያ ያደርሳል፣ በሌላው በኩል ያለው ወደ ሀደሮ። ከጓሮው በታች በበጋ ልጅ እንኳ የሚዘላት ትንሽ ወንዝ አለች። አያቴ የተወለደችው ከወንዟ ማዶ፣ ከከምባታ ቤተሰብ ነው፤ ተድራ የመጣችው ደግሞ ወደዚህ፣ ወደ ሀዲያ ቤት። ሁለቱንም ቋንቋ ትናገራለች፤ ግን ሥራ ከፋፍላ ሰጥታቸዋለች። ስትጸልይ በከምባትኛ፣ ላሟን ስታልብ በሀዲይኛ፣ ከቀበሌ ሰው ጋር ስትከራከር በአማርኛ። እኔም ላሟ ከምባትኛ አትሰማም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንድ ጠዋት ለማረጋገጥ ጆሮዋ ሥር ገብቼ በከምባትኛ «ነዪ» አልኳት። እጄን ላሰችኝ። «አያቴ! ላሟም እንደኛ ሁለቱንም ታውቃለች!» እያልኩ እየሮጥኩ ስገባ፣ አያቴ የያዘችው ወተት እስኪፈስ ሳቀች።

ሌላ ያስጨነቀኝ ነገር ደግሞ ነበር። አያቴ ቃላት የምትረሳ ትመስለኝ ነበር። ማንም የሚያውቀውን ነገር በስሙ አትጠራውም፤ «ያ ነጩ»፣ «ያ በገመድ የሚታሰረው» እያለች ትዞረዋለች። አርጅታ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ነገሩን የገለጠችልኝ የማዶዋ ጎረቤታችን እትዬ ወርቅነሽ ናት። ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትዘለዋለች፣ ነውር ነው። «እኔም የራሴ አለኝ» አለችኝ እትዬ ወርቅነሽ፣ «ማዶም እንደዚሁ ነው። ምን ለየን?» ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተጎልቼ የትኛዋ የትኛውን ቃል እንደዘለለች መያዝ ዋና ሥራዬ ሆነ። አንዳንዴ ሁለቱም የፈለጉት ቃል ሁለቱም የማይጠሩት ይሆንና በእጅ ምልክት ይጨርሱታል።

እንሰቱ ያለው ከቤቱ ጀርባ ነው። በቤቱና በጓሮው መካከል የዝናብ ውሃ የሚወርድበት አሮጌ ቦይ አለ፤ ከቦዩ እስከ ወንዟ ድረስ ያለው ሁሉ እንሰት ነው። የቆጮው ጉድጓድም እዚያው ነው። አያቴ ያለዚያ ጓሮ ምንም አልነበራትም። ምግቧ ከዚያ፣ የላሟ መኖ ከዚያ፣ ገመዱ ከዚያ፣ እንግዳ ሲመጣ የምትሠራው ቡላ ከዚያ። እህል ቢጠፋ አትደነግጥም፤ «እንሰት ያለው ሰው አይራብም» ትላለች።

እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው። በሰያፍ በቆመ ሳንቃ ፊት ቅጠል አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ቀሚሳቸውን እስከ ጭን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንስተው የእንሰቱን ግንድ በተረከዛቸው ሳንቃው ላይ ይይዙታል፤ ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች። ነጩ ወደ ሥር ይወርዳል፣ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል። ጭማቂው ስለሚረጭ ከወገብ በላይም ብዙ አይለብሱም። ስለዚህ ሴቶች በሚፍቁበት ወንድ አያልፍም። ቢያልፍ ቆጮው ይበላሻል ይባላል። ባልም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን፣ ፓስተርም ቢሆን ከሩቅ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሴቶች አላችሁ?» ብሎ፣ «አለን!» ሲሉት ዞሮ ይሄዳል። እኔ መቼም ዝም አልል፤ «አውራ ዶሮውስ? እሱ ወንድ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አፍሽን ዝጊና ቅጠል አምጪ!» አለችኝ አያቴ። እትዬ ወርቅነሽ ግን ከልቧ አስባበት «እውነቷን ነው እኮ» አለችና ዶሮውን አባረረችው።

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው ተባለ። ደብተሩ ከመሰጠቱ በፊት ግን የሁለቱ ወረዳዎች ወሰን የት ላይ እንደሆነ መታወቅ ነበረበት። ከዚህም ከማዶም ሽማግሌዎች ተመርጠው ቀበሌው ግቢ ይሰበሰቡ ጀመር። ወሰን ሲባል እኔ የማውቀው ክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለውን ካርታ ነበር። እዚያ ላይ ወሰን ቀይ መስመር ነው። እንግዲያው የእኛም አንድ ቦታ ተሰምሮ አለ ማለት ነው፣ ሣር ሸፍኖት ነው እንጂ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንዝ ዳር ወርጄ ሣሩን እየገለጥኩ ፈለግሁ። ሦስት ቀን ፈልጌ ያገኘሁት አንድ የጠፋች ዶሮ ተደብቃ የጣለችውን እንቁላል ብቻ ነው።

ጋሼ ሎንሴቦ የሟቹ አያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በእኛ በኩል ከተመረጡት ሽማግሌዎች አንዱ። አንድ ከሰዓት መጥተው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። ሰው እንዲህ ሲሆን ክፉ ነገር ይዟል።

«እትዬ ዳንሴ፣ ተስማምተናል» አሉ።

«በምን?»

«በወሰኑ። ወንዟ በየክረምቱ መንገዷን ትለውጣለች፣ በእሷ ላይ መስማማት አቃተን። ስንት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ቦዩ ይሁን ተባለ።»

አያቴ ወደ ጓሮው ዞር ብላ አየች። «የቱ ቦይ?»

«ያው ያንቺው ቦይ ነዋ።»

«እንዴ! ቤቴ እዚህ፣ እንሰቴ እዚያ?»

ጋሼ ሎንሴቦ ጫማቸውን እያዩ አስረዷት። የአንድ ሰው ይዞታ በሁለት ወረዳ ደብተር አይጻፍም ተብሏል። ቤቱን ከመረጠች ጓሮው ማዶ ላለ ሰው ይሰጣል፤ ጓሮውን ከመረጠች ቤቱን ለቃ ማዶ ትሠራለች።

«ሳትጠይቀኝ ፈረምክበት?»

«ለሰላም ብለን ነው እትዬ። ነገር እንዳይመጣ።»

«እኔ ላይ መጣ እኮ!» አለች አያቴ። ድምጿ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ ሎንሴቦ ከሄዱ በኋላ ሄጄ ቦዩን አየሁት። ትናንት የዘለልኩት ያው ቦይ ነው። ቀይም ምንም አልነበረበትም።

ከሁለት ቀን በኋላ ለኪው መጣ። ዮናስ ይባላል፤ ከከተማ የተላከ፣ ቢጫ መያዣ ውስጥ የሚጠቀለል ረጅም ሜትር የያዘ ወጣት ነው። በዚያው ጠዋት ግን ጎህ ሲቀድ አያቴ ጓሮ ገብታ እንሰት ስትቆርጥ አገኘኋት። የቆረጠችው ትንሽ ነው። ትልቅ ሳይሆን እንሰት እንደማይቆረጥ ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

«ይሄኛው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል ብለሽኝ አልነበር?»

«ደረሰ።»

«መቼ ደረሰ?»

«ሌሊት» አለች፣ ቀና ሳትል።

ወዲያው እትዬ ወርቅነሽ አራት ሴቶች አስከትላ ከማዶ ወንዟን ተሻገረች። ከእኛም ሰፈር ሦስት መጡ። ሳንቃ ተተከለ፣ ቅጠል ተነጠፈ፣ ቀሚስ ተሰበሰበ። ዮናስ ሜትሩን ይዞ ወደ ቦዩ ሲያመራ ጋሼ ሎንሴቦ እጅጌውን ያዙት። እኔ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ወዴት ነው?»

«ልለካ ነዋ።»

«ሴቶች ይፍቃሉ።»

«እና?»

«እናማ አይታለፍም።»

ዮናስ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። «እሺ፣ በስንት ሰዓት ይጨርሳሉ?» ሲል አባባ ማርቆስ መለሱለት። አባባ ማርቆስ የእትዬ ወርቅነሽ ባል፣ ከማዶ ሽማግሌዎች ዋናው ናቸው። «የሴት ሥራ በሰዓት አይታወቅም ልጄ» አሉት። ጥላ ሥር ተቀመጡ። ፀሐይ ጠለቀች። ተነሥተው ሄዱ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። እኔ እውነቱን ለመናገር ያ ሁሉ ሰው መምጣቱ በዓል መስሎኝ ነበር። ሴቶቹ በሁለት ቋንቋ እየተቀላለዱ፣ ስለ ባሎቻቸው እያወሩ፣ ሲስቁ ሳንቃው ይነቃነቃል። ትምህርት ቤት መሄድ ጠላሁ። ያልገባኝ ነገር ግን አንድ ነበር። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ አያቴ የተቆረጡት እንሰቶች የነበሩበት ቦታ ቆማ ስታይ አገኘኋት። ስድስት ጉድጓድ ነበር። ጠጋ ብዬ «አያቴ፣ እንሰት እንዳይወስዱብሽ ብለሽ እንሰትሽን ከጨረስሽ ምን ይተርፍሻል?» አልኳት። እጄን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝ።

ይህን እትዬ ወርቅነሽም ሳታየው አልቀረችም። በሦስተኛው ቀን ከማዶ የመጡት ሴቶች ባዶ ትከሻቸውን አልመጡም። እያንዳንዳቸው ከየጓሯቸው የቆረጡትን እንሰት ተሸክመው፣ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እየደረሰ ተሻገሩ። ያ ግንድ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አያቴ መጥረቢያዋን እንደያዘች ቀረች።

«ለምን እዚያው ቤታችሁ አትፍቁትም?» አልኩ እኔ።

«የዳንሴ ሳንቃ ይሻላል» አለች እትዬ ወርቅነሽ እያለከለከች።

«ሳንቃውን እኮ ያመጣሽው አንቺ ነሽ!»

«ወይ ጉድ! ይቺን ልጅ ማነው የወለዳት?» አለች፤ ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። አያቴ ግን አልሳቀችም፤ መጥረቢያውን አስቀምጣ ሸክሙን ከትከሻቸው ታወርድ ጀመር።

ወንዶቹ በበኩላቸው እየከሱ ሄዱ። ሚስቶቻቸው ከጠዋት እስከ ማታ የአያቴ ጓሮ ውስጥ ናቸው፤ ቤት ማን ያብስል? አባባ ማርቆስ ጥላው ሥር ተቀምጠው የተጠበሰ በቆሎ ሲግጡ «ቤቴ እሳት ካየ ሦስተኛ ቀኑ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ጋሼ ሎንሴቦም «ምነው አንተ በቆሎ አግኝተሃል!» አሏቸው።

አራተኛው ቀን ላይ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማዶ ሰው ሞቶ ሴቶቹ ከለቅሶ በቀጥታ፣ ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት። ከቀትር በፊት የሚፋቅ አለቀ። ሁሉም ሳንቃቸው ፊት እንደተቀመጡ ወሬ ያዙ። እኔ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ዮናስ ብቻውን መንገድ ዳር ተቀምጦ ሜትሩን እየሳበ ይለቀዋል፤ ራሱ ተመልሶ ሲጠቀለል ያፏጫል። አላስቻለኝም።

«ልያዘው?»

ሰጠኝ። አንዱን ጫፍ ይዤ እስከ ዛፉ ሮጥኩ። «መስመሩን በምንድነው የምታሰምረው? በቀለም ነው?»

«አይሰመርም። ወረቀት ላይ ነው የሚጻፈው።»

«መሬቱ ላይ ካልታየ ሰው እንዴት ያውቀዋል?»

አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው፤ ለዚያ ነው የወደድኩት። «ይነገረዋል» አለኝ። ከዚያ «ሴቶቹስ ብዙ ይቀራቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለጥያቄዬ መልስ የሰጠኝን ሰው እኔስ እንዴት ልዋሽ! «ኧረ ጨርሰዋል፤ ወሬ ላይ ናቸው» አልኩት አፌን ሞልቼ።

ብድግ አለ። ሽማግሌዎቹን ጠራ። እኔ እንስራዬን ይዤ ስመለስ እነሱ በአጥሩ በኩል ሲመጡ አየኋቸው፤ አንድ ነገር እንዳጠፋሁ ያኔ ሆዴ ነገረኝ። ሮጬ ጓሮ ገባሁ። «አያቴ፣ መጡ!»

ሴቶቹ ተደናገጡ። የሚፋቅ የለም። አንዷ ነጠላዋን ፈለገች። አያቴ ግን ከቦታዋ አልተነሣችም። እግሯን አንስታ ባዶው ሳንቃ ላይ አደረገች፤ መፋቂያውን ያዘች፤ ከላይ ወደ ታች ፋቀች። ደረቅ እንጨት ብቻ። እንደገና። እንሰት ሲፋቅ ድምፁ እርጥብ ነው፤ ይሄኛው እንደ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ አየቻትና እሷም እግሯን አነሣች። ከዚያ ሁሉም። ዘጠኝ ሴቶች ባዶ ሳንቃ ሲፍቁ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአጥሩ ማዶ እግሮቹ ቆሙ። በቅጠሎቹ መካከል የጋሼ ሎንሴቦን ፊት አያለሁ፤ ወደ ውስጥ አያዩም፣ መሬት መሬት ያያሉ፣ ግን ያዳምጣሉ። እናታቸው፣ እህታቸው፣ ሚስታቸው ሲፍቁ ዕድሜ ልካቸውን የሰሙ ሰው ናቸው። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል። አባባ ማርቆስም ያውቁታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

«ሴቶቹ ገና ናቸው» አሉ ጋሼ ሎንሴቦ።

«ኧረ ልጅቷ ጨርሰዋል ብላኛለች!» አለ ዮናስ።

«ልጅ ምን ታውቃለች! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማህም?»

ደሜ ፈላ። እውነቱን የተናገርኩት እኔ፣ አታውቅም የምባለውም እኔ! አያቴ ግን መፋቋን አላቆመችም። ጋሼ ሎንሴቦ ጉሮሯቸውን ጠራርገው በአጥሩ ላይ ተጣሩ። «እትዬ ዳንሴ! ነገ ልበሱና ጠብቁን። በእናንተ ፊት ይለካ። መጀመሪያም ሳንጠይቃችሁ መፈረማችን ልክ አልነበረም።»

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሴቶቹ ታጥበው፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው ከቦዩ በወዲያ ቆሙ። ወንዶቹ ከቦዩ በወዲህ። ዮናስ ወረቀቱን ዘረጋ። ወሰኑ በወንዟ በኩል እንዲሆን ሽማግሌዎቹ ቢስማሙ እሱ ግድ እንደሌለው ነገራቸው። «ግን መስመሩን ከጓሮው በታች ለማዞር ምክንያት መጻፍ አለብኝ። ከማዶ ያለ ሰው ጓሮው የእኚህ ሴት ነው ብሎ መመስከር አለበት። ከወዲህ ያለው ሰውማ የእሷ ነው ማለቱ መች ይቀራል?»

አባባ ማርቆስ ፈርመዋልና አንገታቸውን ደፉ። አያቴ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣለች። እኔ የትናንቱን ጥፋቴን እያሰብኩ ከኋላዋ ተሸጉጬ ነበር።

እትዬ ወርቅነሽ «እኔ አለሁ» አለችና ወደ እንሰቶቹ ዞረች። ለኪውን ሳይሆን እንሰቶቹን የምታናግር ነበር የምትመስለው።

«ይሄን ያየኸው እንደሆነ፣ ግንዱ ቀላ ያለው፣ ዘሩን የሰጠቻት የባሌ እናት ናት፤ ዳንሴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ። ይሄኛው ለስብራት ነው፤ የዳንሴ ባል እግሩ የተሰበረ ጊዜ አባቴ ከሀደሮ በኩል ተሸክሞ አመጣው፤ ባሏ ሥሩ ተቀቅሎለት በወተት በላ፣ ተነሥቶ ሄደ፤ የተረፈውን ተከለችው። ያኛው የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እኔ ያመጣሁላት ነው። ጥግ ላይ ያሉት ሦስቱ፣ በዚያ በድርቁ ዓመት እንሰቷ ሲታመም የማዶ ሴቶች አንድ አንድ አዋጥተን ነው። አለሚቱ ያቺኛዋን፣ ነፍሷን ይማር። ይሄኛው ደግሞ...» እያለች ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች። አንዱን እንኳ አልዘለለችም። ሴቶቹ «አዎ»፣ «እውነት ነው»፣ «እሱስ የእናቴ ነው» እያሉ ይከተሏታል።

ዮናስ እስክሪብቶውን አነሣ። ግራ የገባው ይመስላል። «ቆይ፣ እናቴ፣ ይሄ እኮ ሁሉም ማለት ይቻላል የመጣው ከእናንተ በኩል ነው። ታዲያ ጓሮው የእናንተ ነው እያሉ ነው ወይስ የእሷ?»

«የእሷ ነው» አለች እትዬ ወርቅነሽ። «ሰጥተናታል። የሰጡትን ደግሞ በሜትር ይለኩታል እንዴ?»

አባባ ማርቆስ ቀና አሉ። «ጻፍ» አሉት። «እንዳለችው ጻፍ። እኔ እፈርማለሁ።» ጋሼ ሎንሴቦም «እኔም» አሉ። ዮናስ ተንበርክኮ ጉልበቱ ላይ ጻፈ፤ መስመሩን ከቦዩ አንስቶ ወደ ወንዟ አወረደው።

ያኔ ነው አያቴ የተቀመጠችው። መሬት ላይ፣ በዚያ በንጹሕ ቀሚሷ፣ ተቀምጣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ባሏ የሞተ ጊዜ እንኳ ሌላውን ስታጽናና ነበር ይላሉ። በቃ ወሰዱብን አልኩ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የነገርኩት! እኔ ነኝ ያስወሰድኩብሽ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ፣ ማንም አልወሰደብንም» አለችኝ እያለቀሰች።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ እንሰቶቹን አየች፣ ከእነሱ ወዲያ የቆሙትን ሴቶች አየች። «ይሄን ሁሉ የሰጡኝ እነሱ መሆናቸውን እኮ ረስቼዋለሁ» አለችኝ።